ሊማሊሞን የሚሻገር ቅጂ፤ የዩኤስቢ ዲስክ ዶክ አገልግሎትና አጠቃቀም

ኮምፒዩተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የጋራ ሥጋት አለ፡፡ የሒሳብ መዝገቡ፣ የደመወዝ ሰንጠረዡ፣ የታካሚው ካርድ፣ የተማሪው ውጤት፣ የመሐንዲሱ ንድፍና የጠበቃው ክርክር በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠራቅመው ይቀመጣሉ፡፡ ዲስኩ የተበላሸ ወይም የተሰረቀ ዕለት የዓመታት ድካም አብሮ ይሄዳል፡፡ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የዩኤስቢ ዲስክ ዶክ ነው፡፡

ይህ ጽሑፍ ዶክ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚሠራበት ያስረዳል፡፡ ከዚህ ጋር ብዙ ተጠቃሚዎች የሚዘነጉትን አንድ ነጥብ ያነሳል፡፡ ይኸውም ቅጂ መጠባበቂያ ሊባል የሚችለው ከዋናው ተለይቶና ርቆ ሲቀመጥ መሆኑን ነው፡፡ ዶክ ከሌሎች ዕቃዎች የሚመረጠውም ይህን ማራቅ ቀላል ስለሚያደርግ ነው፡፡

ዶክ ምንድን ነው?

ዶክ ለሃርድ ዲስክ የተሠራ መሰኪያ ነው፡፡ ቅርጹ ዳቦ መጥበሻ ቶስተር ይመስላል፡፡ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ማስገቢያ አለው፡፡ ከኋላው ሁለት ገመዶች ይወጣሉ፤ አንዱ ዩኤስቢ ሆኖ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፣ ሌላው በአዳፕተር አማካይነት ከግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ ያመጣል፡፡ ተጠቃሚው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጠመውን ዓይነት ሃርድ ዲስክ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ሽፋን፣ ከላይ ወደ ታች ይሰካዋል፡፡ ማብሪያውን ሲጫን ዲስኩ እንደ ትልቅ ፍላሽ ሆኖ በኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል፡፡

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት መጠን ያላቸው ዲስኮች አሉ፡፡ ትልቁ 3.5 ኢንች ሲሆን በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል፡፡ ትንሹ 2.5 ኢንች ሲሆን የላፕቶፕ ነው፡፡ ሁለቱም ሳታ የተባለውን አንድ ዓይነት መሰኪያ ስለሚጠቀሙ በአንድ ዶክ ይሠራሉ፡፡ አዳፕተር ያስፈለገበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ትንሹ ዲስክ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ከዩኤስቢ የሚያገኘው ኃይል ሊበቃው ይችላል፡፡ ትልቁ ግን ሞተሩን ለማሽከርከር 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህንን ተራ የዩኤስቢ ገመድ አይሰጠውም፡፡

በዶኩ ውስጥ ያለው ዋና ክፍል አንዲት ትንሽ ቺፕ ናት፡፡ ሥራዋም የሳታን ቋንቋ ወደ ዩኤስቢ ቋንቋ መተርጎም ነው፡፡ የዶክ ጥራት በአብዛኛው የሚለካው በዚህች ቺፕና በአዳፕተሩ ነው፡፡

ኤክስተርናል ዲስክ እያለ ለምን ዶክ?

በሽፋን ታሽጎ የሚሸጠው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለብዙ ሰው የተለመደ ነው፡፡ ከዶክ ጋር ሲነፃፀር ለመያዝ ይመቻል፡፡ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ቅጂ ለመያዝ የፈለገ ሰው ሁለትና ሦስት ሙሉ ዕቃ ከነሽፋኑና ከነገመዱ መግዛት አለበት፡፡ አንዳንዶቹ ዕቃዎች ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያቸው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አንድ ላይ የተበየደ ነው፡፡ መሰኪያው ከተሰበረ ዲስኩ ደህና ሆኖም ፋይሉን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ይሆናል፡፡

በዶክ ግን የሚገዛው መሰኪያ አንድ ነው፤ የሚጨመረው ዲስክ ብቻ ነው፡፡ አንዱ ዲስክ ሞልቶ ሲወጣ ሌላው ይገባል፡፡ ዶኩ ቢበላሽ ዲስኩን በሌላ ዶክ ወይም በቀጥታ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ሰክቶ ማንበብ ይቻላል፡፡ ዲስኮችን እያፈራረቁ አንዱን ቢሮ፣ ሌላውን ሩቅ ቦታ ለማስቀመጥ ከዚህ የሚቀል መንገድ አይገኝም፡፡

ሌላም ጥቅም አለው፡፡ ላፕቶፕ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሰሌዳው ወይም የኤሌክትሪክ ክፍሉ እንጂ ዲስኩ አይደለም፡፡ ዲስኩን አውጥቶ ዶክ ላይ በመሰካት ፋይሉን ማትረፍ ይቻላል፡፡ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል፡፡ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤም.2 የተባለውን ቀጭን ዲስክ ስለሚጠቀሙ በተራው ዶክ አይሠሩም፡፡ እንዲሁም ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉ ካልተገኘ ዶኩ ምንም አይፈይድም፡፡

የዲስክ ዕድሜ

ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ ላይ ሳይነካው የሚንሳፈፍ ማንበቢያ የያዘ መሣሪያ ነው፡፡ እንደ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያረጃል፡፡ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል ብሎ መጠበቅም አያስተማምንም፡፡ የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100 ሺሕ በላይ በሆኑ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር፡፡ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ዲስክ ስለራሱ ጤንነት ከሚመዘግባቸው ጠንካራ ከተባሉት አራት ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የተበላሹት፡፡ በአጭሩ ትናንት ደህና የነበረ ዲስክ ዛሬ ላይነሳ ይችላል፡፡

ዶክ ላይ የሚሰካው ዲስክም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም፡፡ ስለዚህ ፋይልን ከኮምፒዩተር ወደ ዶክ ዲስክ አዛውሮ ከኮምፒዩተሩ መሰረዝ መጠባበቂያ መያዝ አይባልም፡፡ ቦታ መቀየር ነው፡፡

አዲ አርቃይ ያለ ፋይል

የርቀትን ነገር ለመረዳት ሰሜን ጎንደርን ማየት ይበቃል፡፡ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ ተነስቶ ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ ወደ ሞቃቱ ቆላ ይደርሳል፡፡ አዲ አርቃይ የምትገኘው በዚሁ መስመር ላይ ነው፡፡ ከተማዋ የወረዳ ዋና ከተማ እንደመሆኗ የገቢ መሥሪያ ቤት፣ ጤና ተቋም፣ ትምህርት ቤትና ነጋዴ አላት፡፡ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ደግሞ ኮምፒዩተር አለ፡፡

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ አካባቢ ሲደርስ በርካታ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተሰደዋል፡፡ በጦርነቱ ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸውና መውደማቸው በተለያዩ አገር አቀፍና ዓለም አቀፍ ተቋማት ሪፖርቶች ተመዝግቧል፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ከተማ ለቆ የሚወጣ ሰው ልጆቹንና የሚለብሰውን እንጂ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ተሸክሞ አይወጣም፡፡ የሒሳብ ሠራተኛው ወይም ርዕሰ መምህሩ የወሰዱት መጠባበቂያ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ጎን መሳቢያ ውስጥ ከነበረ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ጠፋ ማለት ነው፡፡ ከአንድ ወር በፊት ተቀድቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር የተላከ ዲስክ ቢኖር ኖሮ ግን የጠፋው የአንድ ወር ሥራ ብቻ ይሆን ነበር፡፡

ወረዳዎች በወረዳኔት ተገናኝተው የለም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፡፡ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ይህ መረብ ለቪዲዮ ስብሰባና ለመልዕክት አገልግሏል፡፡ ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ፋይል በራሱ ወስዶ ሌላ ቦታ አያስቀምጥም፡፡ ያንን የሚያደርገው ሰው ነው፡፡

ይህ ጉዳይ የጦርነት አካባቢዎች ብቻ አይደለም፡፡ አዲስ አበባ ቦሌ ያለ ቢሮ ጦርነት ባይደርስበትም እሳት፣ ሌባና የፈነዳ የውኃ ቧንቧ አይቀርለትም፡፡ ለእሳትና ለሌባ ቅጂው ሌላ ሕንፃ ላይ መሆኑ ይበቃል፤ ቢሮው ቦሌ ከሆነ ዲስኩ ኮተቤ ያድራል፡፡ ለጦርነትና ለጎርፍ ግን ሌላ ከተማ ያስፈልጋል፡፡ ርቀቱ የሚወሰነው በሚፈራው አደጋ ልክ ነው፡፡

ከመቅደላ የሚወሰድ ትምህርት

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፡፡ ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር በርካታ የብራና መጻሕፍትን ሰብስበው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በመቅደላ አኑረው ነበር፡፡ ተራራው ምሽግ ስለሆነ ለመጻሕፍቱም ደህና ቦታ ይመስል ነበር፡፡ የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ ግን በአንድ ቦታ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘረፈ፡፡ 350 የሚሆኑት ብራናዎች ለንደን ገቡ፤ ዛሬም በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፡፡ ጠንካራ ምሽግም ቢሆን አንድ ቦታ ነው፡፡

ተቃራኒው ምሳሌም ከዚሁ ከብራና ታሪክ ይገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፡፡ በዚህ ሥራ በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ የሚገኙ ብራናዎች ፎቶ ተነስተው ቅጂው አዲስ አበባ እንዲቀመጥ፣ ሌላው ቅጂ ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ ተደረገ፡፡ ሥራው በአብዮቱ ዘመን ቀጥሎ ከ9 ሺሕ በላይ ብራናዎች ተቀድተዋል፡፡ እውቁ ሊቅ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመታትን እነዚህን ፊልሞች እየመረመሩ ካታሎግ በማዘጋጀት አሳልፈዋል፡፡ ዋናው ብራና ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቃሉ አይጠፋም፤ ምክንያቱም በሌላ አህጉር ተነባቢ ቅጂ አለ፡፡ ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር የሚላክ ዲስክም በትንሹ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፡፡

የዘመኑ ባለሙያዎች ይህን ልምድ በቁጥር አስቀምጠውታል፡፡ 3፣ 2፣ 1 ይሉታል፡፡ ደንቡን ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው፡፡ ከእያንዳንዱ ፋይል 3 ቅጂ ይኑር፤ በ2 የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ይቀመጡ፤ 1 ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን ማለት ነው፡፡

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ?

ጉግል ድራይቭን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ፋይልን ሩቅ ቦታ በማስቀመጥ በኩል ጠቃሚ ናቸው፡፡ ለትናንሽ ሰነዶች የተሻለ አማራጭ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ ችግሩ በፋይል ብዛትና በመስመር አስተማማኝነት ላይ ይመጣል፡፡

ስሌቱ እንዲህ ነው፡፡ 500 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ከ9 ቀናት በላይ ይፈጃል፡፡ ያንኑ ፋይል በዩኤስቢ 3.0 ዶክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ወደሚጽፍ ዲስክ ለመቅዳት አንድ ሰዓት አይሞላም፡፡ ዲስኩ በአውቶቡስ ጎንደር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ተደምሮ እንኳን ከመስመሩ ይፈጥናል፡፡

መስመሩ ደግሞ ይቋረጣል፡፡ በመላ አገሪቱ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር፡፡ በትግራይ ክልል ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግንኙነት ለረዥም ጊዜ ተቋርጧል፡፡ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል፡፡ ብቸኛ ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠ ባለሙያ በእነዚህ ጊዜያት የራሱን ፋይል ማየት አልቻለም፡፡ ስለሆነም ሁለቱን አንዱ በሌላው የሚተካ አድርጎ ከመቁጠር ጎን ለጎን መያዝ ይመረጣል፡፡

ዶክ ሲገዙ

መርካቶም ሆነ ጎንደር ፒያሳ ዶክ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ማየት ይኖርበታል፡፡

የዩኤስቢው ትውልድ፡- ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ይላል፤ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያስተላልፈው፡፡ 500 ጊጋባይት ለመቅዳት አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፡፡ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 5 ጊጋቢት ስለሚደርስ ፍጥነቱን የሚወስነው ዲስኩ ራሱ ይሆናል፡፡ ዶኩ 3.0 ሆኖ ኮምፒዩተሩ 2.0 ከሆነ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራል፡፡ የ3.0 ማስገቢያ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፡፡

የዲስኩ ትልቅነት፡- አሮጌ ዶኮች ከ2 ቴራባይት ትንሽ ካለፈ በኋላ ያለውን የዲስክ ክፍል አያዩም፡፡ 4 ወይም 8 ቴራባይት ዲስክ ለመጠቀም ያሰበ ሰው ዶኩ ያንን እንደሚችል ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ያረጋግጥ፡፡

አዳፕተሩ፡- የጎደለ ወይም የተቀየረ አዳፕተር አይቀበሉ፡፡ 12 ቮልት መሆኑንና ዶኩ የሚጠይቀውን አምፔር መስጠቱን በላዩ ላይ ያንብቡ፡፡ ደካማ አዳፕተር ዲስኩን በመጻፍ ላይ እያለ ያጠፋዋል፡፡ የሌላ ዕቃ 19 ቮልት አዳፕተር መሰካት ደግሞ ዶኩንም ዲስኩንም ሊያቃጥል ይችላል፡፡

ዲስኩ፡- አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ዲስክ ያገለገለ ሊሆን ይችላል፡፡ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል፡፡ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት የሠራ ዲስክ አዲስ አይደለም፡፡ መጠናቸው በውሸት ተጽፎባቸው የሚሸጡ ፍላሾችና ዲስኮችም አሉ፡፡ ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፉ ሞልቶና መልሶ አንብቦ እውነቱን ይናገራል፡፡ ሻጩ ዋስትና በሚሰጥበት ጊዜ ውስጥ ይህን ማድረግ ብልህነት ነው፡፡

ለረዥም ጊዜ መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ቅጂ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ይመረጣል፡፡ ኤስኤስዲ ፈጣንና መውደቅን የሚችል ቢሆንም ያለ ኤሌክትሪክ ለረዥም ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል፡፡

ክሎን የሚለው ቁልፍ

ሁለት ማስገቢያ ያላቸው ብዙ ዶኮች ክሎን የሚል ቁልፍ አላቸው፡፡ ኮምፒዩተር ሳያስፈልግ የአንዱን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ ሌላው ይገለብጣል፡፡ ኮምፒዩተር ጠጋኞች ይወዱታል፡፡ ለጀማሪ ግን አደገኛ ነው፡፡ ዋናውን ዲስክ በተቀባዩ ቦታ፣ ባዶውን በሰጪው ቦታ የሰካ ሰው ዶኩ ያለ ምንም ጥያቄ ባዶነትን በዋናው ላይ ይገለብጥለታል፡፡ የትኛው ማስገቢያ ሰጪ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ በዶኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ተቀባዩ ዲስክ ከሰጪው ያላነሰ መሆን አለበት፡፡ ለዕለት ተዕለት መጠባበቂያ ይህን ቁልፍ አለመጠቀም ይሻላል፡፡

እንዴት ይሠራበታል?

አንድ አነስተኛ ቢሮ ወይም ቤተሰብ በአንድ ዶክና በሦስት ዲስኮች የሚከተለውን ሥርዓት ማቆም ይችላል፡፡

አንደኛ፣ ዲስኮቹ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው ይጻፍባቸው፡፡ ለዊንዶውስ ኮምፒዩተር በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያድርጓቸው፡፡ ማክም የሚጠቀም ቢሮ ኤክስፋትን ሊመርጥ ይችላል፡፡ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ለዚህ ሥራ አይሆንም፡፡

ሁለተኛ፣ የሚቀዳው ነገር ተለይቶ ይታወቅ፡፡ ብዙ ሰው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ብቻ ቀድቶ የኢሜይል መዝገቡንና የሒሳብ ፕሮግራሙን ፋይል ይረሳል፡፡ በአገራችን የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ፒችትሪ የራሱ ባክአፕ ትዕዛዝ አለው፡፡ ፕሮግራሙ ተከፍቶ እየተሠራበት ፎልደሩን መቅዳት የተበላሸ ቅጂ ሊሰጥ ስለሚችል በመጀመሪያ በፕሮግራሙ ትዕዛዝ ባክአፕ ወስዶ ያንን ፋይል ወደ ዲስኩ መቅዳት ይገባል፡፡ የግብር ሕጉ የሒሳብ ሰነድ ለዓመታት እንዲጠበቅ ስለሚያስገድድ ይህ ፋይል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዳ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ አሮጌ የአማርኛ ሰነድ ያለው ሰው ፊደሉንም አብሮ ይቅዳ፡፡ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በርካታ ቢሮዎች ሲጽፉ የኖሩት ዩኒኮድ ባልሆኑ የአማርኛ ፊደሎች ነው፡፡ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ያለ ሰነድ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል፡፡ ፋይሉ ተርፎ ንባቡ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው፡፡ መፍትሔው የፊደሉን ፋይል በዚያው ዲስክ ላይ ማኖር፣ ዋና ዋና ሰነዶችን ደግሞ ፊደሉ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው፡፡

አራተኛ፣ መቅዳቱ ቀን ይኑረው፡፡ ዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ፣ ማክ ደግሞ ታይም ማሺን የተባሉ የራሳቸው መጠባበቂያ ፕሮግራሞች አሏቸው፡፡ እነዚህ የተቀየረውን ብቻ ስለሚቀዱ ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ ሥራው አጭር ነው፡፡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዶኩ ይበራል፤ ይቀዳል፤ ይጠፋል፡፡ ቢሮው ሊያጣ የሚችለው ሥራ ከመጨረሻው ዓርብ ወዲህ ያለውን ነው፡፡ የአንድ ሳምንት ሥራ ማጣት የማይችል ቢሮ በየቀኑ ይቅዳ፡፡

አምስተኛ፣ ዲስኮቹ ይፈራረቁ፡፡ ሀ ዶኩ ላይ ሲሠራ ለ በተቆለፈ ሳጥን በሌላ ሕንፃ፣ ሐ ደግሞ በሌላ ከተማ ይሁን፡፡ ለሥራ ወይም ለበዓል ወደዚያ የሚሄድ የታመነ ሰው ሲገኝ ሐ በሀ ይተካ፡፡ አዲ አርቃይ ያለ ቢሮ ደባርቅን ወይም ጎንደርን፣ ጎንደር ያለ ባሕር ዳርን ወይም አዲስ አበባን ሊጠቀም ይችላል፡፡

ሦስቱንም ዲስኮች ዶኩ አጠገብ ደርድሮ ማስቀመጥ፣ ወይም አንዱን ሁልጊዜ ተሰክቶና በርቶ መተው የሥርዓቱን ጥቅም ያጠፋዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ 150 በሚሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን አጥቅቶ ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ጠይቋል፡፡ እንዲህ ያለ ቫይረስ በዶክ የተሰካውን ዲስክም እንደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ አድርጎ ይቆልፈዋል፡፡ ያልተሰካን ዲስክ ግን አይደርስበትም፡፡

ስለ ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና መንገድ

ዲስክ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ የሚጻፈው ፋይል ብቻ ሳይሆን የዲስኩ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል፡፡ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ይቀጥላል፤ ዶኩ ግን ወዲያው ይሞታል፡፡ ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ያለበት ኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም፤ ዶኩም ነው፡፡ ዩፒኤስ የሌለው መብራት በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት ሰዓት ከመቅዳት ይቆጠብ፡፡

ሲጨርሱ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ በትዕዛዝ ያላቁ፤ ከዚያ ዶኩን ያጥፉ፤ ሞተሩ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋም ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቁ፡፡ የሚሽከረከርን ዲስክ መንቀል ማንበቢያው ሳህኑን እንዲፍቅ ሊያደርግ ይችላል፡፡ በመቅዳት ላይ ያለን ዶክም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አያንቀሳቅሱ፡፡

የጠፋ ዲስክ መንገድ ይችላል፡፡ ማንበቢያው ከሳህኑ ተነስቶ ስለሚያርፍ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በጠንካራ ሳጥን ከተያዘ የሊማሊሞ መጠማዘዣ አያስቸግረውም፡፡ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚከላከለውን ከረጢቱን ግን አይጣሉ፡፡ ከደባርቅ ብርድ ወደ አዲ አርቃይ ሙቀት የወረደ ዲስክ ወዲያው መሰካት የለበትም፤ በቀዝቃዛ ብረት ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሊሠራ ስለሚችል ከነከረጢቱ አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፡፡

ምስጢርን ስለመጠበቅ

ከቢሮ የሚወጣ ዲስክ ሊሰረቅ ወይም አውቶቡስ ላይ ሊረሳ ይችላል፡፡ የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የደንበኛ መረጃ የያዘ ከሆነ ጉዳቱ ከባለቤቱ አልፎ ለሌሎች ይተርፋል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ በያዙ ወገኖች ላይ ኃላፊነት ጥሏል፡፡ መፍትሔው ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ ነው፡፡ ቢትሎከር በዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ ይገኛል፤ ቬራክሪፕት ነፃ ነው፡፡ ይለፍ ቃሉን ግን ሁለት የታመኑ ሰዎች ይወቁት፤ በወረቀት ተጽፎም ከዲስኩ በተለየ ቦታ ይቀመጥ፡፡ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቃል ያ ሰው ሲሞት ወይም ሥራ ሲለቅ ከፋይሉ ጋር ይሄዳል፡፡

መልሶ ማንበብ

የመጨረሻውና ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሥራ ቅጂውን መፈተሽ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 የፒክሳር ኩባንያ ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም እየሠራ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ፋይል ተሰረዘ፡፡ ኩባንያው መጠባበቂያ አለኝ ብሎ ቢከፍተው የተሟላ ሆኖ አልተገኘም፡፡ ፊልሙን ያተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለች ሠራተኛ ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር ቤቷ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው፡፡ በሙያው የገነነ ኩባንያ እንኳ መጠባበቂያው እንደማይሠራ ያወቀው በክፉ ቀን ነበር፡፡ ያዳነውም ቅጂ ከቢሮው ውጭ የነበረው ነው፡፡

ለመፈተሽ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም፡፡ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ዲስኩን ዶክ ላይ ሰክተው፣ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው፣ ከየፎልደሩ አንድ ሁለት ፋይል ይክፈቱ፡፡ የሒሳቡን ባክአፕ በፕሮግራሙ መልሰው ይጫኑት፡፡ አማርኛው ይነበባል? የመጨረሻው ወር ሒሳብ አለ? ይለፍ ቃሉ ይሠራል? መደርደሪያ ላይ የሚውለው ዲስክም በዚሁ አጋጣሚ ይነሳል፡፡ አምስት ዓመት ያለፈው ዲስክ፣ ደህና ቢመስልም፣ በአዲስ ቢተካ ይመረጣል፡፡

ከፍተሻው በኋላ ቀኑንና የፈተሸውን ሰው ስም በወረቀት ላይ ጽፎ ከዲስኩ ጋር በሳጥኑ ውስጥ ማኖር ይጠቅማል፡፡ ቀጥሎ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው ቅጂው እስከ መቼ እንደሚታመን የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው፡፡